የመልእክቱ ላኪ ማነው? የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚያመነጩአቸውን ፕሮቲኖች ከምንጫቸው ለይቶ ስለማወቅ

መግቢያ

የሰው አካል ከውጭ የሚገቡበትን የበሽታ ተሕዋስያን የሚከላከለው በልዩ ልዩ ነጭ የደም ሕዋሳት የተቀናጀ ሥራ መሆኑ በባዮሎጂ ትምህርት ውስጥ የሚሰጥ የታወቀ ርእስ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሕዋሳት አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያነሣሣው ወይም የሚገታው በምን እንደሆነ፣ በተለይም የትኛው ሕዋስ የትኛውን መልእክት እንደሚልክ በምን ዘዴ ሊታወቅ እንደቻለ ብዙውን ጊዜ ሳይብራራ ይታለፋል።

ጥያቄው ለጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ የሚጠቅም ቢመስልም ከሰው ሕይወት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ማርች 13 ቀን 2006 በለንደን ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለስድስት ጤናማ ሰዎች ቲ ጂ ኤን 1412 የተባለ አዲስ መድኃኒት ለሙከራ በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። የተሰጣቸው መጠን በእንስሳት ላይ ጉዳት አላደረሰም ከተባለው መጠን 500 ጊዜ ያነሰ ነበር። ይሁን እንጂ በ90 ደቂቃ ውስጥ ስድስቱም ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመምና ማቅለሽለሽ ጀመራቸው፤ የደም ግፊታቸውም ወረደ። በ16 ሰዓት ውስጥ ሳንባቸውና ኩላሊታቸው ታውኮ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይረዱ ጀመር። የስድስቱም ሕይወት ቢተርፍም ለሞት የሚያሰጋ አደጋ ደርሶባቸው ነበር። ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው መድኃኒቱ ራሱ መርዝ ሆኖ ሳይሆን፣ የራሳቸው ሕዋሳት ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን በአንድ ጊዜና ከመጠን በላይ በማፍሰሳቸው ነው። ይህን ጐርፍ ያመነጨው የትኛው ሕዋስ እንደሆነ በማስረጃ ተደግፎ የተገለጸው ግን ከአራት ዓመት በኋላ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሳይቶካይን አመንጪ የሆኑት የሰው ሕዋሳት ተለይተው የሚታወቁበትን መንገድ፣ መንገዱ ያስገኘውን ውጤትና የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች በአጭሩ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሳይቶካይን ምንድን ነው?

ሳይቶካይን ማለት አንድ ሕዋስ አመንጭቶ ወደ አካባቢው የሚለቀው፣ ሌላ ሕዋስ ደግሞ በላዩ ባለው ልዩ ተቀባይ አማካይነት የሚቀበለው አነስተኛ ፕሮቲን ነው። ተቀባዩ ሕዋስ እንደ መልእክቱ ዓይነት ይባዛል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ተሕዋስያንን ለመግደል ይነሣሣል፣ ወይም ሥራውን ያቆማል። በመልእክትነታቸው ሳይቶካይኖች ከሆርሞኖች ጋር ይመሳሰላሉ። ዋናው ልዩነት ግን ምንጫቸው ነው። ኢንሱሊን ከጣፊያ ጀርባ ሳይሆን ከቆሽት የሚመነጭ መሆኑ ሊታወቅ የቻለው ቆሽት ቦታው የታወቀና ሊወገድ የሚችል አካል በመሆኑ ነው፤ ቆሽቱ የወጣ ውሻ በስኳር በሽታ መያዙ በ1889 ታይቷል። ሳይቶካይን አመንጪዎች ግን በደምና በፍርንትት ውስጥ የሚዘዋወሩ፣ ከሌሎች ጋር የተቀላቀሉ ነጠላ ሕዋሳት ናቸው። አንዱን ዓይነት ብቻ ከአካል አውጥቶ የሚጎድለውን ማየት በሰው ላይ አይቻልም።

የእነዚህ ፕሮቲኖች የስም ታሪክ ራሱ የችግሩን ክብደት ያሳያል። በ1957 አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን በለንደን ሚል ሂል ባለው የሕክምና ምርምር ተቋም ውስጥ፣ በሙቀት የተገደለ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የነካው የጫጩት ሽል ሽፋን ሌላ ቫይረስ እንዳይራባ የሚያግድ ነገር እንደሚያወጣ አገኙ፤ ስሙንም ኢንተርፌሮን አሉት። በ1966 ደግሞ ሊምፎሳይቶች የሚያወጡት አንድ ነገር ማክሮፋጅ የተባሉትን ዋጭ ሕዋሳት ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ እንደሚያደርግ ተገለጸ። በዚህ የተነሣ በ1969 ዱሞንድና የሥራ ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉትን ነገሮች «ሊምፎካይን»፣ ማለትም የሊምፎሳይት ውጤት ብለው ሰየሟቸው። ብዙም ሳይቆይ ሊምፎሳይት ያልሆኑ ሕዋሳትም ተመሳሳይ ነገር እንደሚያመነጩ ስለታየ፣ በ1974 ስታንሊ ኮኸንና ባልደረቦቹ ማናቸውንም ሕዋስ የሚያጠቃልለውን «ሳይቶካይን» የሚለውን ስም አቀረቡ። በ1979 በስዊዘርላንድ በተደረገ ስብሰባ «በነጭ ሕዋሳት መካከል» የሚል ትርጉም ያለው «ኢንተርሉኪን» የሚለው ስም ተጨመረ። ይኸውም ስም ቢሆን ከእውነቱ ጠቦ ተገኝቷል፤ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 በቆዳና በደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳትም ይመነጫሉና። እንግዲህ መልእክቱ ቀድሞ ታወቀ፤ ላኪው ግን ለረጅም ጊዜ በግምት ሲጠራ ኖረ።

2. የችግሩ ሥር፦ አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው ነገር

በአንድ መንደር ሌሊት የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም በየቤቱ ይሰማል። ነገር ግን በመኝታው ሆኖ የሚሰማ ሰው ጥሪው መተላለፉን እንጂ ጡሩምባውን የነፋው ማን እንደሆነ ከድምፁ ብቻ አያውቅም። በደም ውስጥ የሚገኝ ሳይቶካይንም እንዲሁ ነው። ፕሮቲኑ ከወጣበት ሕዋስ ተለይቶ ከፈሳሹ ጋር ስለሚቀላቀል የመጣበትን ምልክት ይዞ አይሄድም።

ከ1971 ጀምሮ ኤላይዛ በተባለው ዘዴ በፈሳሽ ውስጥ ያለን ፕሮቲን፣ መጠኑ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም እንኳ፣ በፀረ አካል (አንቲቦዲ) አማካይነት መለካት ተችሏል። ልኬቱ ትክክለኛ ቢሆንም የሚናገረው ስለ ጠቅላላው ድምር ነው። ለምሳሌ ያህል 1,000,000 ሕዋሳት ባሉበት ብልቃጥ ውስጥ 1,000 መለኪያ ሳይቶካይን ተገኘ እንበል። በአማካይ ለእያንዳንዱ ሕዋስ ከአንድ ሺህ አንድ እጅ መለኪያ ይደርሳል። ነገር ግን ሁሉም ሕዋሳት በጥቂት በጥቂቱ አመንጭተውት ሊሆን ይችላል፤ ወይም 2,000 ሕዋሳት ብቻ እያንዳንዳቸው ግማሽ መለኪያ አውጥተው የቀሩት 998,000 ምንም ሳይሠሩ ቆይተው ሊሆን ይችላል። ድምሩ ሁለቱን አይለይም።

መምህራን ይህን ከራሳቸው ሥራ ያውቁታል። የሃምሳ ተማሪዎች አማካይ ውጤት 50 ቢሆን፣ ሁሉም 50 አግኝተው ይሁን ወይስ እኩሌቶቹ 100 እኩሌቶቹ ዜሮ አግኝተው አማካዩ ብቻውን አይገልጽም። የሚወሰደው የማስተካከያ እርምጃ ግን በሁለቱ ሁኔታዎች ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች ችግሩን ለማቃለል የሞከሩት ሕዋሳቱን አስቀድሞ በመለያየት ነበር። ይህም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። አንድ ከመቶ የሚሆኑ ሞኖሳይቶች ከሊምፎሳይቶች ጋር ተቀላቅለው ቢቀሩ፣ የተገኘውን ፕሮቲን በሙሉ ያወጡት እነዚያ ጥቂቶቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ሕዋስ ላይ በአንድ ጊዜ መታየት ነበረባቸው፦ የሕዋሱ ማንነትና በእጁ ያለው መልእክት።

3. የሕዋሱን ማንነት በመለያው ማወቅ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፓውል ኤርሊኽ ነጭ የደም ሕዋሳትን በቀለም በመንከር ወደ ልዩ ልዩ ዓይነት ከፈላቸው። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ ይሠራበታል። ነገር ግን የቀለም ንክሩ ለሊምፎሳይቶች በቂ አይደለም፤ ሥራቸው እጅግ የተለያየ ቲ ሕዋስና ቢ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ይመስላሉና።

መፍትሔው የተገኘው በሕዋሱ ቆዳ ላይ ካሉት ፕሮቲኖች ነው። በ1975 ጆርጅ ኬለርና ሴዛር ሚልስታይን በካምብሪጅ አንድን ዒላማ ብቻ ለይቶ የሚይዝ፣ አንድ ወጥ የሆነ ፀረ አካል በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አወጡ፤ ለዚህም በ1984 ከኒልስ ያርነ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እንዲህ ያሉ ፀረ አካሎች በየላቦራቶሪው በዝተው የስም መደባለቅ ስለተፈጠረ፣ በ1982 በፓሪስ በተደረገ ስብሰባ የሕዋስ መለያዎች «ሲዲ» ተብለው በተራ ቁጥር እንዲጠሩ ተወሰነ። በዚህም መሠረት ሲዲ 3 የቲ ሕዋስ፣ ሲዲ 19 የቢ ሕዋስ፣ ሲዲ 14 የሞኖሳይት መለያ ሲሆኑ፣ ሲዲ 4 እና ሲዲ 8 ቲ ሕዋሳትን በሁለት ዋና ዋና ወገኖች ይከፍላሉ።

ከእነዚህ መለያዎች አንዱ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ2005 ወዲህ «ሲዲ ፎር» የሚለው ቃል ከላቦራቶሪ ወጥቶ በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ሆኗል። ቃሉ የሚያመለክተው ቫይረሱ በዋናነት የሚያጠቃቸውን፣ ይህን መለያ የያዙትን ቲ ሕዋሳት ነው።

ሕዋሳቱን ለመቁጠር የሚያገለግለው መሣሪያ ፍሎ ሳይቶሜትር ይባላል። የተለያየ ቀለም የሚያበሩ ፀረ አካሎች የተጣበቁባቸው ሕዋሳት በቀጭን የፈሳሽ ጅረት ውስጥ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ብርሃን ፊት ያልፋሉ። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው እያንዳንዱ ሕዋስ የያዘውን ቀለም ያንጸባርቃል፤ መሣሪያውም በየሴኮንዱ የብዙ ሺህ ሕዋሳትን ምልክት ይመዘግባል። በዚህ መንገድ የማንነት ጥያቄ መልስ አገኘ። የመልእክቱ ጥያቄ ግን ገና ቀርቶ ነበር።

4. መልእክቱን ከደጅ ሳይወጣ መያዝ

ሳይቶካይን በሕዋሱ ውስጥ እንደ ተሠራ ወዲያው ወደ ውጭ ስለሚላክ፣ ሕዋሱ ውስጥ ቢፈለግ ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ስለሆነም ተመራማሪዎቹ ያገኙት መላ መውጫውን መዝጋት ነው። በ1991 በሕዋስ ውስጥ ያለ ሳይቶካይን በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ዘዴ ታተመ፤ በ1993 ደግሞ መውጫውን በመዝጋት በፍሎ ሳይቶሜትር መቁጠር እንደሚቻል ታየ። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

ሀ) እንዳይረጋ ሄፓሪን የተጨመረበት ደም ከሰውየው ይወሰዳል፤ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥም ሥራው ይጀመራል።

ለ) ሕዋሳቱ እንዲነቃቁ የሚቀሰቅስ ነገር ይጨመርባቸዋል። ለሞኖሳይት የባክቴሪያ ግድግዳ ክፍል የሆነው ሊፖፖሊሳካራይድ፣ ለቲ ሕዋስ ደግሞ ፒ ኤም ኤ እና አዮኖማይሲን የተባሉት ኬሚካሎች፣ ወይም የተሕዋሲው የራሱ ፕሮቲን ያገለግላል።

ሐ) ብሬፌልዲን ወይም ሞነንሲን ይጨመራል። እነዚህ ነገሮች በሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲን ተዘጋጅቶ ወደ ውጭ የሚጓጓዝበትን መንገድ ይዘጋሉ። ሕዋሱ ለጥቂት ሰዓቶች ማምረቱን ሲቀጥል ምርቱ በውስጡ ይከማቻል።

መ) ሕዋሳቱ እንዳሉ ጸንተው እንዲቆዩ በፎርማልዴሃይድ ይታከማሉ፤ ከዚያም ፀረ አካል እንዲገባ በሳፖኒን አማካይነት በሽፋናቸው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበጃሉ። ሳፖኒን በውሃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣ የዕፅዋት ውጤት ነው። በአገራችን ልብስ የሚታጠብበት እንዶድ አረፋ የሚያወጣው በዚሁ ወገን ንጥረ ነገር ነው፤ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣውን ነው።

ሠ) ሁለት ዓይነት ፀረ አካሎች ይቀርባሉ። አንዱ ወገን በውጭ ያለውን የሲዲ መለያ፣ ሌላው ወገን በውስጥ የተከማቸውን ሳይቶካይን ይይዛል፤ የሚያበሩትም ቀለም የተለያየ ነው።

ረ) ሕዋሳቱ በፍሎ ሳይቶሜትር አንድ በአንድ ይነበባሉ። ሲዲ 4 እና ኢንተርፌሮን ጋማ የሚያመለክቱ ሁለት ቀለሞች በአንድ ሕዋስ ላይ ከታዩ፣ ያ ሕዋስ የመልእክቱ ላኪ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ያልተቀሰቀሰ የደም ናሙና በተመሳሳይ መንገድ መመርመር አለበት። ይህ ማነጻጸሪያ ከሌለ፣ የታየው ምልክት ከቅስቀሳው የመጣ ይሁን አስቀድሞ የነበረ አይታወቅም።

ሌላው ዘዴ ኤሊስፖት ይባላል። በ1983 ፀረ አካል አመንጪ ሕዋሳትን ለመቁጠር ተጀምሮ በ1988 ለኢንተርፌሮን ጋማ ዋለ። ሕዋሳቱ ሳይቶካይን ያዥ ፀረ አካል በተነጠፈበት ሳሕን ላይ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አመንጪ ሕዋስ ከሥሩ አንድ ነጠብጣብ ትቶ ይታያል። ኤሊስፖት በ100,000 መካከል ያሉ ጥቂት አመንጪዎችን እንኳ ለመቁጠር የሚያስችል ንቁ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ስንት እንደሆኑ እንጂ የየትኛው ወገን ሕዋሳት እንደሆኑ በራሱ አይናገርም። ከ2009 ወዲህ ደግሞ ለአንድ ነጠላ ሕዋስ የሚሆን የአር ኤን ኤ ንባብ ተጀምሮ፣ የትኛው ሕዋስ የየትኛውን ሳይቶካይን ትእዛዝ እንደጻፈ በስፋት ማየት ተችሏል። ይሁንና የተጻፈ ትእዛዝ ሁሉ ወደ ፕሮቲን እንደማይለወጥ መዘንጋት አይገባም።

5. ምን ተገኘ?

በእነዚህ ዘዴዎች የተገኘውን ዕውቀት በአጭሩ እንደሚከተለው ማጠቃለል ይቻላል። ባክቴሪያ የቀሰቀሳቸው ሞኖሳይቶችና ማክሮፋጆች በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ቲ ኤን ኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1፣ 6 እና 8 ያወጣሉ፤ ትኩሳትና ብግነት በአብዛኛው የእነዚህ ሥራ ነው። ኢንተርሉኪን 2 በዋናነት የሚመጣው ከሲዲ 4 ቲ ሕዋሳት ነው። ኢንተርፌሮን ጋማ ከሲዲ 4፣ ከሲዲ 8 እና ተፈጥሮአዊ ገዳይ ከተባሉት ሕዋሳት ይመነጫል። በ1986 ሞስማንና ኮፍማን በአይጥ ላይ ባደረጉት ጥናት ሲዲ 4 ሕዋሳት አንድ ወጥ አለመሆናቸውን አሳዩ፤ አንዱ ወገን ኢንተርፌሮን ጋማ ሲያመነጭ ሌላው ወገን ኢንተርሉኪን 4 እና 5 ያመነጫል። ይኸው ክፍፍል በሰውም መኖሩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተረጋገጠ።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው የአልፋ ኢንተርፌሮን ምንጭ ታሪክ ነው። በደም ውስጥ ቫይረስ ሲገባ ይህን ፕሮቲን በብዛት የሚያወጣ አንድ ያልታወቀ ሕዋስ መኖሩ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይጠረጠር ነበር። ሕዋሱ ቲም፣ ቢም፣ ሞኖሳይትም አልነበረም፤ ስለዚህ በሥራው ብቻ «ተፈጥሮአዊ ኢንተርፌሮን አመንጪ» ተብሎ ሲጠራ ኖረ። በሌላ በኩል ሌነርትና ሬሜሌ የተባሉ የጀርመን ሐኪሞች በ1958 በፍርንትት ዕጢ ውስጥ መልኩ ለየት ያለ፣ ሥራው ያልታወቀ ሕዋስ አይተው ገልጸው ነበር። በ1999 ሁለት የምርምር ቡድኖች በየበኩላቸው፣ ሥራው እንጂ መልኩ ያልታወቀውና መልኩ እንጂ ሥራው ያልታወቀው ሕዋስ አንድ መሆናቸውን አረጋገጡ። ይህ ሕዋስ ዛሬ ፕላዝማሳይቶይድ ዴንድራይቲክ ሕዋስ ይባላል። ቁጥሩ ክብ ኒውክሊየስ ካላቸው የደም ነጭ ሕዋሳት መካከል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ከሌሎች የደም ሕዋሳት ከ200 እስከ 1,000 እጥፍ የሚበልጥ ኢንተርፌሮን ያመነጫል። በአማካይ ቁጥር ሲፈለግ ተሰውሮ የኖረውም ስለዚህ ነው።

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት መደምደሚያዎች ይገኛሉ። አንድ ሳይቶካይን ከብዙ ዓይነት ሕዋስ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ሕዋስ ብዙ ዓይነት ሳይቶካይን ሊልክ ይችላል፤ በቁጥር አነስተኛ የሆነው ሕዋስም በሥራ ዋነኛው ሊሆን ይችላል።

6. በአተረጓጎም ረገድ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

በብልቃጥ ውስጥ የታየው ሁሉ በአካል ውስጥ የሚሆነው አይደለም። ፒ ኤም ኤ የመሰለ ጠንካራ ቀስቃሽ ሕዋሱ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያል እንጂ፣ በታመመው ሰው አካል ውስጥ በእርግጥ ምን እያደረገ እንደሆነ አያሳይም። ከዚህም በላይ ይኸው ኬሚካል ሲዲ 4 የተባለውን መለያ ከሕዋሱ ቆዳ ላይ ይቀንሰዋል፤ ማለትም መሣሪያው የሚመረምረውን ነገር መታወቂያ ራሱ ሊያጠፋበት ይችላል።

በመግቢያው የተጠቀሰው የለንደን አደጋ የዚህ ማስረጃ ነው። ቲ ጂ ኤን 1412 ሲዲ 28 በተባለው የቲ ሕዋስ መለያ ላይ የሚጣበቅ ፀረ አካል ነበር። መድኃኒቱ በፈሳሽነቱ እንዳለ ከሰው ደም ሕዋሳት ጋር በብልቃጥ ሲቀላቀል የሳይቶካይን ጐርፍ አላስነሣም። ከአደጋው በኋላ ግን በፕላስቲክ ሳሕን ላይ ደርቆ እንዲጣበቅ ተደርጎ ሕዋሳቱ በላዩ ሲቀመጡ ጐርፉ ታየ። ቀጥሎም በ2010 የታተመ ጥናት ዋናዎቹ አመንጪዎች ቀድሞ በሽታን ያወቁ፣ «ተዋጊ ትዝታ» ሊባሉ የሚችሉ ሲዲ 4 ቲ ሕዋሳት መሆናቸውን አሳየ። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ ሲዲ 28 አላቸው፤ ለመድኃኒቱ ደኅንነት ምርመራ በዋሉት የጦጣ ዝርያዎች ላይ ግን ይህ መለያ የላቸውም። ስለዚህ ጦጣዎቹ አለመታመማቸው ለሰው ዋስትና አልሆነም። የመልእክቱ ላኪ በሰው ሕዋሳት መካከል አስቀድሞ ተለይቶ ቢሆን ኖሮ አደጋው ሊታሰብበት ይችል ነበር።

7. በሕክምና ረገድ ያለው ጥቅም

የሥጋ ደዌ በአንዱ ሰው ላይ በጥቂት ቁስሎች ተወስኖ ሲቀር በሌላው ላይ መላ ሰውነትን የሚያዳርሰው ስለምንድን ነው? ተሕዋሲው አንድ ነው፤ የሚለያየው የሰውየው ምላሽ ነው። ከ1970 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሕሙማኑ ሊምፎሳይቶች ለዚህ ተሕዋሲ የሚሰጡትን ምላሽ ካጠኑት ተቋማት አንዱ ነው። በ1991 በአሜሪካ የታተሙ ጥናቶች ደግሞ ልዩነቱን በሳይቶካይን ደረጃ ገለጹት። በሽታው በተወሰነባቸው ሕሙማን ቁስል ውስጥ የኢንተርሉኪን 2 እና የኢንተርፌሮን ጋማ ትእዛዝ ሲበዛ፣ በሽታው በተስፋፋባቸው ዘንድ የኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 10 በዝቶ ተገኘ። ሕዋሳቱ ተለይተው ሲጠኑም ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የተወሰዱ ሲዲ 4 ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማን፣ ከኋለኞቹ የተወሰዱ ሲዲ 8 ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 4ን ያመነጩ ነበር።

የሳንባ ነቀርሳን በተመለከተም የዚሁ ዕውቀት ፍሬ በሥራ ላይ ይገኛል። የሰውየው ደም ከነቀርሳ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች ጋር ተቀላቅሎ ኢንተርፌሮን ጋማ ከወጣ፣ ባክቴሪያውን የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት አሉ ማለት ነው። ምርመራው ሰውየው በባክቴሪያው መነካቱን ያመለክታል እንጂ በሽታው በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን አይለይም። እንዲሁም የመገጣጠሚያ ብግነትን ለማስታገስ ቲ ኤን ኤፍን የሚያግድ ኢንፍሊክሲማብ የተባለ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል 70 ሰዎች በነቀርሳ መያዛቸው በ2001 ተገልጿል። ማክሮፋጆች የሚያወጡት ቲ ኤን ኤፍ መገጣጠሚያን የሚጎዳ ቢሆንም፣ የነቀርሳን ባክቴሪያ ከቦ የሚያቆየውም እሱው ነው። ከዚህ የተነሣ ሐኪሞች መድኃኒቱን ከማዘዛቸው በፊት የነቀርሳ ምርመራ ያደርጋሉ።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

መምህራን የዚህን ዘዴ መሠረተ ሐሳብ ያለ ላቦራቶሪ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ሃያ ፖስታዎች ይዘጋጁ፤ በአሥራ ሁለቱ ላይ «ሀ»፣ በስድስቱ ላይ «ለ»፣ በሁለቱ ላይ «ሐ» ይጻፍ። መምህሩ ተማሪዎች ሳያዩ በሁለቱ የ«ሐ» ፖስታዎች ውስጥ አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ባቄላ፣ ከ«ለ» ፖስታዎች በአራቱ ውስጥ አንድ አንድ ባቄላ ያስቀምጥ፤ ሌሎቹ ባዶ ይሁኑ። በመጀመሪያ ባቄላው በሙሉ በአንድ ሳሕን ላይ ተዘርግፎ ይቆጠር። ተማሪዎቹ 40 ባቄላ፣ ማለትም በአማካይ ለአንድ ፖስታ 2 ባቄላ ያገኛሉ፤ ላኪው ማን እንደሆነ ግን ሊናገሩ አይችሉም። ቀጥሎ ባቄላው ወደየፖስታው ተመልሶ አፋቸው ይታሸግና ፖስታዎቹ አንድ በአንድ ተከፍተው የውጭ ፊደላቸውና የውስጥ ቁጥራቸው በሠንጠረዥ ይመዝገብ። ተማሪዎቹ በየትኛውም ፖስታ ውስጥ 2 ባቄላ እንዳልነበረ፣ ከ40ው 36ቱም ከሁለት ፖስታዎች እንደመጣ በራሳቸው ይደርሱበታል። ፖስታውን ማሸግ መውጫውን ከመዝጋት፣ ፊደሉም ከሲዲ መለያ ጋር የሚመሳሰል መሆኑን መምህሩ በዚህ ጊዜ ቢያስረዳ ትምህርቱ ይጸናል።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ሁለት ነጥቦችን ማመልከት ይበቃል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ምርመራ በመሣሪያ ግዢ ብቻ አይቆምም፤ ደም በሰዓቶች ውስጥ መድረስ አለበት፣ ፀረ አካሎች በቅዝቃዜ መጠበቅ አለባቸው፣ ኤሌክትሪክና የጥገና ባለሙያ ያስፈልጋሉ፣ ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚያነብ የሠለጠነ ሰው መኖር አለበት። የዚህ ሰው ሥልጠና መነሻው የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ጊዜ የሕዋሳት ስምና ተግባር ዝርዝር ብቻ ሳይሆን «ይህ በምን ታወቀ?» ለሚለው ጥያቄም የክፍለ ጊዜ ድርሻ ቢሰጠው፣ ተማሪው ዕውቀቱ ሲለወጥ አብሮ ለመለወጥ ይዘጋጃል።

ማጠቃለያ

ሳይቶካይኖች ከታወቁበት ጊዜ አንሥቶ የላኪዎቻቸው ማንነት ቀስ በቀስ ሊገለጥ የቻለው ሦስት ነገሮች በመገናኘታቸው ነው፦ ለሕዋስ መለያ የሚሆኑ ፀረ አካሎች፣ ሕዋሳትን አንድ በአንድ የሚያነብ መሣሪያ፣ መልእክቱንም ከደጅ ሳይወጣ የሚያስቀር መላ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የሚቀረው ድምርና አማካይ ብቻ ነው። የለንደኑ አደጋና የነቀርሳው ተሞክሮ እንዳሳዩት፣ በመድኃኒት ሥራ ላይ መልእክቱን ማወቅ ላኪውን ከማወቅ ተነጥሎ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው። ለወጣቱ ትውልድ የሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት ይህን ልዩነት ከወዲሁ ቢያስገነዝብ፣ ነገ በየላቦራቶሪውና በየሆስፒታሉ የሚሠራው ባለሙያ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ምንጭ መጠየቅን ልማድ አድርጎ ይነሣል።